«ጎበዝ» እና «ሰነፍ»፦ ስለ ልጆች ችሎታና ስለ ወላጆች አነጋገር የቀረበ ሒስ

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ለመምህራን በሚሰጡ አጫጭር ሥልጠናዎችና በወላጆች ስብሰባዎች ላይ «የዕድገት አስተሳሰብ» የሚል ሐረግ እየተዘወተረ መጥቷል። የሐረጉ ፍሬ ነገር፣ ሕፃን ልጅ የአእምሮ ችሎታው አንድ ጊዜ ተሰፍሮ የተሰጠው ሳይሆን በጥረት፣ በጥሩ ዘዴና በሰው እርዳታ የሚዳብር መሆኑን እንዲያምን አድርጎ ማሳደግ ይገባል የሚል ነው። አሳቡ በራሱ መልካም ነው። ስያሜው ግን በአማርኛ በደንብ አልተቀመጠም፤ ዕድሜው ገፋ ያለ መምህር «ዕድገት» የሚለውን ቃል ሲሰማ የ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ እንጂ የሕፃን አእምሮ ትዝ አይለውም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ እምነቱን «ይዳብራል ባይነት»፣ ተቃራኒውን ደግሞ «ተወስኗል ባይነት» እያልን እንጠራለን። የጽሑፉ ዓላማ ግን በስያሜ ላይ መከራከር አይደለም። ትምህርቱ ወደ ወላጆች ሲደርስ ከምርምሩ ውስጥ ደካማው ክፍል ተይዞ ጠንካራው ክፍል መቅረቱን፣ በአማርኛችን ውስጥ ሲገባ ደግሞ ያልታሰበ ጉዳት ሊያስከትል የሚችል መሆኑን ለማሳየት ነው።

የትምህርቱ ምንጭ በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲዋ የሥነ ልቡና ምሁር ካሮል ድዌክ ናቸው። ድዌክ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ልጆች ነገር ሲሳናቸው ምን እንደሚያደርጉ ሲያጠኑ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በ2006 «ማይንድሴት» የተባለውን መጽሐፍ ለሰፊው አንባቢ አሳተሙ። መጽሐፉ ስለ ስፖርተኞች፣ ስለ ትላልቅ ኩባንያዎች ሥራ አስኪያጆች፣ ስለ ትዳርና ስለ ጓደኝነት በሰፊው ያትታል፤ ወላጆችን፣ መምህራንንና አሠልጣኞችን የሚመለከተው ምዕራፍ የሚመጣው ወደ መጨረሻው ነው። ስለ ኩባንያዎች የተጻፈው ክፍል የበለጸገውን ይዳብራል ባይ፣ የከሰረውን ተወስኗል ባይ እያደረገ የሚተርክ በመሆኑ ከምርምር ይልቅ ለተግሣጽ መጽሐፍ ይቀርባል። ውጤቱ ከታወቀ በኋላ ምክንያቱን መምረጥ ለማንም ቀላል ነውና።

አሳቡ ራሱም ጨርሶ አዲስ አይደለም። የመጀመሪያውን የአእምሮ መለኪያ ፈተና እ.ኤ.አ. በ1905 ከቴዎዶር ሲሞን ጋር ያዘጋጁት ፈረንሳዊው አልፍሬድ ቢኔ፣ በ1909 ባወጡት መጽሐፍ ውስጥ የሰው ብልህነት ሊጨመር የማይችል ቁርጥ መጠን ነው የሚሉትን ሰዎች አጥብቀው ተቃውመዋል። መለኪያውን የሠሩት ሰው ይህን ብለው ሳለ፣ መለኪያው በሌሎች እጅ ሲገባ ልጆችን መፈረጃ ሆኖ መቅረቱ የትምህርት ታሪክ ከሚያሳዝኑ ገጾች አንዱ ነው። ድዌክ በመጀመሪያው ምዕራፋቸው ለቢኔ ተገቢውን ስፍራ መስጠታቸው ያስመሰግናቸዋል።

ትምህርቱን ዝነኛ ያደረገው ግን እ.ኤ.አ. በ1998 ከክላውዲያ ሙለር ጋር ያሳተሙት ጥናት ነው። ጥናቱ ስድስት ሙከራዎች ያሉት ሲሆን የተፈተኑት የአምስተኛ ክፍል ልጆች ነበሩ። በመጀመሪያው ሙከራ 128 ልጆች የጎደለውን ቅርጽ ፈልጎ የማሟላት ጥያቄዎች ተሰጧቸው። ሁሉም በደንብ እንደ ሠሩ ከተነገራቸው በኋላ ለከፊሎቹ «ይህን ያገኘኸው ብልህ ብትሆን ነው»፣ ለከፊሎቹ «ይህን ያገኘኸው በርትተህ ብትሠራ ነው» የሚል ቃል ተጨመረላቸው፤ ለቀሩት ምንም ምክንያት አልተሰጣቸውም። ቀጥሎ ምን ዓይነት ሥራ እንደሚመርጡ ሲጠየቁ፣ ብልህነታቸው ከተመሰገነው ልጆች ከመቶ 67ቱ ችሎታቸው ጎልቶ የሚታይበትን ሥራ መረጡ። ጥረታቸው ከተመሰገነው ውስጥ ይህን የመረጡት ከመቶ 8 ብቻ ናቸው፤ ሌሎቹ ቢሳሳቱም እንኳ አዲስ ነገር የሚማሩበትን ፈለጉ። ከዚያ ሁሉም ከባድ ጥያቄ ተሰጥቷቸው ብዙውን ሳቱ። ከዚህ ውድቀት በኋላ እንደ ፊተኛው ያለ ጥያቄ ሲቀርብላቸው የፊተኞቹ ውጤት ቀነሰ፣ የኋለኞቹ ጨመረ። እጅግ የሚያስደንቀው በሌላው ሙከራ የታየው ነው። ልጆቹ ስላገኙት ውጤት ለማያውቁት ልጅ እንዲጽፉ ሲታዘዙ፣ ብልህነታቸው ከተመሰገነው ውስጥ ከመቶ ወደ 40 የሚጠጉት ያላገኙትን ውጤት ጻፉ። ልጆቹ ከዚያ በፊት ውሸታሞች ስለ ነበሩ አይደለም፤ ብልህ ተብሎ ለተሰየመ ልጅ ስሕተት ማዕረግን ማጣት ስለሆነበት ነው።

ከዚህ ጥናት «ልጅን በብልህነቱ አታመስግን፣ በጥረቱ አመስግን» የሚል ደንብ ወጣ። ደንቡ አጭር ስለሆነ በግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ በግማሽ ቀን ሥልጠናም ያልቃል። ነገር ግን ሙከራው የተደረገው ልጆቹ በማያውቁት ሰው፣ በአንድ መቀመጫ፣ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ነበር። ልጅ በቤቱ ከእናቱና ከአባቱ በቀን በመቶ የሚቆጠር ቃል ይሰማል። ቤትን በተመለከተ የተሻለ ማስረጃ የሚሰጠው ኤልዛቤት ገንደርሰንና የሥራ ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተሙት ጥናት ነው። አጥኚዎቹ በቺካጎ አካባቢ የሚኖሩ 53 ቤተሰቦችን ልጆቻቸው 14፣ 26 እና 38 ወር ሲሆናቸው እየሄዱ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ለ90 ደቂቃ ያህል የቤቱን ንግግር በሥዕል ቀረጹ። ወላጆቹ የሚፈለገው ምስጋናቸው መሆኑን አያውቁም ነበር። ልጆቹ ሰባትና ስምንት ዓመት ሲሆናቸው ስለ ችሎታ ያላቸው እምነት ተጠየቀ። ከምስጋናው ውስጥ የሚበዛው ስለ ሥራውና ስለ ጥረቱ የነበረላቸው ልጆች ከአምስት ዓመት በኋላ ወደ ይዳብራል ባይነት አዘንብለው ተገኙ። ይሁን እንጂ ማንነትን የሚያወድስ ምስጋና፣ «ብልህ ልጅ ነህ» የሚለው ዓይነት፣ ልጆቹን ወደ ተወስኗል ባይነት መውሰዱ በዚህ ጥናት አልታየም። እንግዲህ በቤት ውስጥ ሲመረመር ከደንቡ ግማሹ ብቻ ነው ቆሞ የተገኘው። ሌላም ነገር ታይቷል፤ ለወንዶች ልጆች ከተነገረው ምስጋና ከመቶ 24ቱ ስለ ሥራቸው ሲሆን ለሴቶቹ ግን ከመቶ 10 ብቻ ነበር። ይህን ነጥብ በሥልጠና ላይ ሲነሣ አልሰማሁም፤ ሴት ተማሪዎች ከሒሳብና ከሳይንስ ለምን ይርቃሉ እያልን ስንጠይቅ ለኖርን ሰዎች ግን ከሁሉ ቀድሞ ሊነሣ የሚገባው ነበር።

አሁን ወደ ቋንቋችን እንምጣ። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ወላጅ ለተፈጥሮ ብልህነት አንድ ቃል፣ ለብርታት ሌላ ቃል አለው፤ ደንቡም አንደኛውን ትተህ ሁለተኛውን ያዝ ይለዋል። የእኛ ወላጅ ከማለዳ እስከ ማታ የሚጠቀምበት ቃል አንድ ነው፦ «ጎበዝ»። ውኃ ቀድቶ የመጣው ጎበዝ ነው፤ ራቱን የጨረሰው ጎበዝ ነው፤ መርፌ ሲወጋ ያላለቀሰው ጎበዝ ነው፤ ከክፍሉ አንደኛ የወጣውም ጎበዝ ነው። ቃሉ ከጥንት ጎልማሳውንና ጦር ሜዳ የሚውለውን ሲጠራ የኖረ ሲሆን፣ «የጎበዝ አለቃ» የሚለው ማዕረግ ይህንኑ ያስታውሳል። በውስጡ ድፍረትም፣ ሥራም፣ ችሎታም አለ። «ጎበዝ ተማሪ» ስንል ስለ ተፈጥሮው ነው ወይስ ስለ ጥናቱ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር አብዛኛው ሰው የጥያቄው ትርጉም አይገባውም። ስለሆነም «ልጆቻችሁን ጎበዝ አትበሉ» ተብሎ ለወላጆች የሚሰጠው ምክር፣ ይህን ዓይነት ምክር በጽሑፍ ጭምር አይቻለሁ፣ ከባዕድ ቋንቋ ተነሥቶ ያልተፈተሸ ምክር ነው። ከእናት አፍ ላይ በጣም ለስላሳውን ቃል ይነጥቃል፤ በምትኩ የሚሰጠው «ጥረትህን አደንቃለሁ» የመሰለ፣ በየትኛውም የአማርኛ ተናጋሪ ቤት ማዕድ ላይ ያልተሰማ ንግግር ነው።

ጉዳቱ ያለው በ«ጎበዝ» ዘንድ ሳይሆን በተቃራኒው ዘንድ ነው። በትምህርት ቤት አነጋገር የጎበዝ ተቃራኒ «ሰነፍ» ነው። ሰነፍ በዕለት ተዕለት አነጋገር ሥራ የማይወደው ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ አማርኛ፣ በተለይም በመጽሐፈ ምሳሌ ውስጥ፣ ሰነፍ የጠቢብ ተቃራኒ፣ ማስተዋል የጎደለው ሰው ነው። እነዚህ ሁለት ትርጉሞች በትምህርት ቤት ግቢ ተገናኝተው አንድ ሆነዋል። ክፍልፋይ ያልገባት ልጅ «በሒሳብ ሰነፍ ናት» ትባላለች። ልጅቱ በዚህ አንድ ቃል ሁለት ክስ ትሰማለች፤ አይገባሽም፣ ያልገባሽም ስለማትሠሪ ነው። በምሠራበት ኮሌጅ ዕጩ መምህራን ከማስተማር ልምምድ ሲመለሱ የሚያቀርቡትን ማስታወሻ ሳነብ፣ ተማሪዎችን «ጎበዝ፣ መካከለኛ፣ ሰነፍ» ብሎ በሦስት መክፈል ከሁሉ ቀድሞ የሚሠራ ሥራ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ብዙ ጊዜም ክፍፍሉ የሚፈጸመው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ስም ዝርዝሩ ሲለወጥ አይታይም።

እንግዲህ የጥረት ምስጋና የሚሰብከው ትምህርት ወደዚህ ቋንቋ ሲገባ ምን ይሆናል? «ውጤት የጥረት ፍሬ ነው» የሚለው ቃል ተገልብጦ «ውጤት የሌለው ጥረት የሌለው ነው» ይሆናል። አምሽቶ ያጠና፣ ዘዴው ያልተገለጠለት፣ ፈተናውን የወደቀ ልጅ ፊት «በርታ» ብቻ ሲባል «አልበረታህም» ማለት ነው። ድዌክ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጽሑፍ፣ ትምህርታቸው ጥረትን ብቻ ማወደስ ተደርጎ መወሰዱን፣ ልጆችን ለውድቀታቸው መክሰሻም መሆኑን ገልጸው አስጠንቅቀዋል፤ ጥረት ወደ መማር የሚያደርስ መንገድ እንጂ በራሱ ግብ አይደለም፤ ልጁ አዲስ ዘዴ እንዲሞክርና የሰው እርዳታ እንዲጠይቅ ካልተደረገ ጥረቱን ማወደስ ማጽናኛ ብቻ ይሆናል ብለዋል። ማስጠንቀቂያው የመጣው መጽሐፉ ከወጣ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው፤ ደንቡ ግን በዚያን ጊዜ ብዙ አገር ዞሯል።

በመጽሐፉ የወላጆች ምዕራፍ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚጠቀስ አንድ ታሪክ አለ። ኤልዛቤት የተባለች የዘጠኝ ዓመት ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ በጂምናስቲክ ውድድር ገብታ ያለ ሽልማት ትመለሳለች። አባቷ ምን ይበላት? ለእኔ አንደኛ አንቺ ነሽ? ሽልማቱን ተነጥቀሻል? ጂምናስቲክ እኮ ያን ያህል ቁም ነገር አይደለም? ችሎታ ስላለሽ በሚቀጥለው ታሸንፊያለሽ? ወይስ ማሸነፍ አይገባሽም ነበር? ድዌክ የሚመርጡት የመጨረሻውን ነው። አባትየው ሌሎቹ ልጆች ረዘም ላለ ጊዜ እንደ ሠሩ፣ እሷም ከልቧ ከፈለገች ልትሠራበት እንደሚገባ ይነግራታል። ታሪኩ እውነተኛነቱና ድፍረቱ ደስ ያሰኛል፤ ልጅን በሐሰት አለማጽናናት የአስተዳደግ ክብር ነው። ነገር ግን የዚህ አባት ቃል የሠራው ከቃሉ በስተጀርባ አሠልጣኝ፣ የመለማመጃ አዳራሽና ትርፍ ጊዜ ስለ ነበረ ነው። ልጅቱ በሚቀጥለው ቀን የምትሄድበት ስፍራ ነበራት። ያው ቃል ከብት ጠብቃ፣ እንጨት ለቅማ፣ የመማሪያ መጽሐፉን ለሦስት ተካፍላ ለምታጠና ልጅ ቢነገራት ፍርድ ብቻ ይሆናል። መጽሐፉ ይህን ልዩነት አያነሣም፤ ይህም ትልቁ ጉድለቱ ነው።

ከዚህ ሁሉ ምርምር ለወላጅ ይበልጥ የሚጠቅመው፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ በስብሰባዎች ላይ ስሙ የማይነሣው ጥናት ነው። ካይላ ሃይሞቪትዝና ድዌክ እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት በመጀመሪያ የ73 ወላጆችንና የልጆቻቸውን እምነት ጎን ለጎን መረመሩ። ይዳብራል ባይ ወላጅ ይዳብራል ባይ ልጅ ያሳድጋል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። አልሆነም። ወላጅ ስለ ብልህነት ያለው እምነት ከልጁ እምነት ጋር ዝምድና አልተገኘለትም። ዝምድና የተገኘው ወላጅ ስለ ውድቀት ካለው አመለካከት ጋር ነው። ውድቀት የሚያዳክምና የሚያሳፍር ነገር ነው ብሎ የሚያስብ ወላጅ ልጁ ችሎታ ተወስኗል ባይ ሆኖ ተገኘ፤ ውድቀት የሚያስተምር ነገር ነው የሚለው ደግሞ ልጁ ወደ ሌላው ያዘነብላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። እምነት በልብ ውስጥ ያለ ነገር ስለሆነ ልጅ አያየውም፤ የወደቀበትን ወረቀት ይዞ ሲመጣ የአባቱን ፊት ግን ያያል። በጥናቱ ውስጥ ወላጆች ልጃቸው በሒሳብ አጭር ፈተና ወድቆ ቢመጣ ምን እንደሚያደርጉ ሲጠየቁ፣ ውድቀትን የሚፈሩት ስለ ልጁ ችሎታና ውጤት ይጨነቃሉ፤ ሌሎቹ ከስሕተቱ ምን ሊማር እንደሚችል ያወያዩታል።

ይህ ግኝት ወደ ትርጉም የሚሻገረው ያለ ችግር ነው፤ ምክንያቱም በቃል ላይ ሳይሆን በአድራጎት ላይ የቆመ ነው። «ጎበዝ»ን ማስጣል አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው በአንድ የተወሰነ ቀን፣ ማለትም ካርድ በሚሰጥበት ቀን፣ በቤት ውስጥ ምን እንደሚባል መመርመር ነው። ያን ቀን የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ስንተኛ ወጣህ?» ጎረቤቱም፣ አጎቱም፣ ባለሱቁም ይጠይቃል። ጥያቄውን ወላጅ ከራሱ አላመጣውም፤ ያስተማረው ካርዱ ነው። በካርዱ ላይ የየትምህርቱ ውጤት፣ ድምር፣ አማካይና ደረጃ ተጽፏል፤ ከእነዚህ ውስጥ ለማንም ግልጽ የሆነው ደረጃ ነው። ደረጃ ደግሞ በባሕርዩ ዕድገትን ሊያሳይ የማይችል መለኪያ ነው። በመጀመሪያው መንፈቅ ማባዛት የማይችል የነበረ ልጅ በሁለተኛው መንፈቅ ማካፈልን ጭምር ቢችል፣ ጓደኞቹም ያንኑ ያህል ከተራመዱ፣ በሁለቱም ካርድ ላይ አርባ ሁለተኛ ነው። የትኛውም ወላጅ፣ የቱንም ያህል ይዳብራል ባይ ቢሆን፣ ከዚህ ቁጥር ላይ ልጁ ማደጉን ሊያነብ አይችልም። በአንድ እጃችን «ችሎታ ይዳብራል» የሚል ወረቀት እየሰጠን፣ በሌላው እጃችን የማይንቀሳቀስ ቁጥር እንሰጠዋለን።

የውጤቱ መጠን ምን ያህል ነው የሚለውን ዕቅድ አውጪዎች መጠየቃቸው ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ሲስክና ባልደረቦቿ በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ መርምረው እምነቱን ለማስተማር የሚደረጉት ሥራዎች በትምህርት ውጤት ላይ የሚያመጡት ለውጥ በአማካይ አነስተኛ መሆኑን ገለጹ፤ በችግር ውስጥ ላሉ ልጆች ግን የተሻለ ሊሆን እንደሚችል አመለከቱ። በ2019 በ«ኔቸር» መጽሔት የወጣውና በአሜሪካ 65 ትምህርት ቤቶች ውስጥ 12,000 ያህል የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎችን ያካተተው የየገርና የባልደረቦቹ ጥናት፣ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ትምህርት ዝቅተኛ ውጤት የነበራቸውን ልጆች አማካይ ነጥብ በ0.10 ከፍ እንዳደረገ አሳየ። በዚያው ዓመት በቻይና ከ600 በላይ በሆኑ ልጆች ላይ የ1998ቱን ሙከራ የደገሙት ሊና ቤትስ የተባለውን ውጤት አላገኙም። ማክናማራና በርጎይን ደግሞ በ2023 ባወጡት ምርመራ ከተገኘው ጥቂት ለውጥ ውስጥ እንኳ የጥናቶቹ ደካማ አሠራር ድርሻ እንዳለበት ተከራከሩ። ክርክሩ አልተዘጋም። አንድ ነገር ግን ግልጽ ነው፤ ነገሩ ርካሽ ስለሆነ ሊሞከር ይገባዋል፣ ትንሽ ስለሆነ ግን በሌላ ነገር ምትክ ሊገባ አይገባውም።

ይህን የምልበት ምክንያት አለኝ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ ከግማሽ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከሺህ በላይ ሆኑ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 3.2 ሆነ። በዚያ ሰሞን «ልጆቻችን ጥረት የላቸውም»፣ «ወላጅ አይቆጣጠርም» የሚል አነጋገር በየስብሰባው ተሰማ። በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ያሉ ልጆች በሙሉ፣ አንድ እንኳ ሳይቀር፣ ሰነፎች ሊሆኑ ይችላሉን? ስለ ጥረት የሚነገረው ትምህርት የመምህር እጥረትን፣ የመጽሐፍ እጥረትንና የተበላሸ ምዘናን በወላጅ ትከሻ ላይ መጫኛ ከሆነ፣ ባይመጣ ይሻል ነበር።

በዚህ ረገድ የአብነት ትምህርት ቤቱን አሠራር ማስታወስ ይጠቅማል። ልጁ ከፊደል ወደ ንባብ፣ ከንባብ ወደ ዳዊት የሚሻገረው የያዘውን ሲጨርስ እንጂ ዓመቱ ስላለቀ አልነበረም። የሚጠየቀውም የት እንደ ደረሰ ነው። የዘገየው ልጅ ይደግማል፤ ደግሞ ይሻገራል፤ ከስንት ልጅ ስንተኛ እንደሆነ የሚቆጥር አልነበረም። ይህን ስል ያንን ትምህርት ቤት ለማስዋብ አይደለም፤ አለንጋው የታወቀ ነው፤ ትምህርት እንዲገባ ተብሎ የሚጠጣው አብሾም ተወስኗል ባይነት በዚያም ቢሆን እንደ ነበረ ያሳያል፤ አእምሮ በመድኃኒት ይከፈታል ማለት በሥራ አይከፈትም ማለት ነውና። ነገር ግን «የት ደረስክ?» እና «ስንተኛ ወጣህ?» የሚሉት ሁለት ጥያቄዎች ልጅን ወደ ተለያየ ስፍራ ይወስዳሉ፤ ወላጆቻችን የመጀመሪያውን ጥያቄ ከማንም መማር አያስፈልጋቸውም፣ ያውቁታል።

ስለዚህ ለወላጆች ስብሰባ ከሚዘጋጀው የምክር ወረቀት በፊት ሊዘጋጅ የሚገባው የታረመ የፈተና ወረቀት ነው። በብዙ ትምህርት ቤቶች የመንፈቁ ማጠቃለያ ፈተና ወረቀት ወደ ቤት አይሄድም፤ የሚሄደው ቁጥሩ ብቻ ነው። ተከታታይ ምዘና የተባለውም በየሳምንቱ ፈተና መስጠት ሆኖ ቀርቶ፣ ስሕተቱ ለልጁ ተመልሶ የሚብራራበት ጊዜ አልተገኘለትም። ስለ ስሕተት አነጋግሩ የሚባለው ወላጅ ስሕተቱ የት እንዳለ ካላየ ስለ ምን ያነጋግር? ፊደል ያልቆጠረች እናት እንኳ ቀይ ምልክት ያለበትን ስፍራ በጣቷ አሳይታ «እዚህ ላይ ምን ብለህ ነበር? ምን ማለት ነበረብህ? እስቲ አስረዳኝ» ማለት ትችላለች፤ ልጁም ለማስረዳት ሲሞክር ያልገባውን ራሱ ያገኘዋል። ሰባ ተማሪ ያለው መምህር በሁሉም ትምህርት ይህን እንዲያደርግ መጠየቅ ከንቱ ነው። በሒሳብና በቋንቋ ብቻ፣ በመንፈቅ አንድ ጊዜ፣ ታርሞ ወደ ቤት ሄዶ በወላጅ ጣት አሻራ ወይም ፊርማ ተመልሶ የሚመጣ አንድ ወረቀት ግን ከየትኛውም ትምህርት ቤት አቅም በላይ አይደለም። ካርዱ ላይ ደረጃ በሚጻፍበት ሣጥን ጎን፣ ልጁ በመስከረም የማይችለውና አሁን የሚችለው አንድ ነገር የሚጻፍበት አንድ መስመር መጨመርም ከኅትመት ወጪ ውጭ የሚጠይቀው ነገር የለም።